የጋሼ ኦፔል ጣሪያ፤ የቱን ዘመን ነው የምናድሰው?



የጋሼን ኦፔል ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ "ቲቸር፣ ጣሪያዋን ምን አደረግካት?" የሚል መልእክት በውስጥ መስመር ጎርፎልኛል። ግማሹ በቀልድ ነው፣ ግማሹ ከልቡ ተቆጥቶ። መልሱ አጭር አይደለም፤ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ። የታሪክ መምህር ስለ መኪና ማውራት ከጀመረ የት እንደሚደርስ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ላሊበላ እንደርሳለን።

መጀመሪያ ለማታውቋት ላስተዋውቅ። ኦፔል ሬኮርድ ናት። ማርሹ መሪው ላይ ነው፣ ሞተሯ ባለ ካርቡራቶር ነው፣ ጣሪያዋ ደግሞ በጥቁር ሌዘር የተለበጠ ነበር። ጋሼ (የአባቴ ታላቅ ወንድም) በ1972 ዓ.ም. ደሴ ከነበረ ነጋዴ ነው የገዟት። ያኔ ሐራ ውስጥ የቤት መኪና ማየት ብርቅ ነበር። እኔ ሳልወለድ ነው ይሄ ሁሉ፤ እኔ የደረስኩት ሐራ ገበያ ላይ "የጋሼ ኦፔል መጣች" ሲባል ልጆች ከኋላ በሚሮጡበት ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ከሯጮቹ አንዱ ነበርኩ።

ጋሼ ካረፉ በኋላ መኪናዋ ግቢው ውስጥ በሸራ ተሸፍና ቆመች። በ2013 ክረምት ማብቂያ ጦርነቱ እኛ ጋ ሲደርስ ሰዉ ነፍሱን ይዞ ወጣ፤ መኪና ማን ያስታውሳል? ስንመለስ መስታወቷ ረግፏል፣ ባትሪውና ጎማዎቹ የሉም። ሌላው አካሏ ግን ነበር። አምና የጋሼ ልጅ ከሪያድ ደወለና "ገንዘቡን እኔ ልላክ፣ አንተ ቁም፤ የአባቴን መኪና እናስነሳት" አለኝ። አይሱዙ ላይ ጭነን ወልድያ ጋራዥ አስገባናት።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ታሪክ ልግባ፤ ምክንያቱም ጋራዥ መግባት ታሪክ ክፍል እንደመግባት ነው። ጆሯችሁን ጣል አድርጋችሁ የምትሰሟቸውን ቃላት ቁጠሩ፦ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ፣ ስቱኮ፣ ጎሚስታ። ታርጋና ቦሎ ሳይቀሩ ጣሊያንኛ ናቸው። የመኪና አካል የሚቀጠቅጠውን ሰው ሥራ "ባትላሜራ" እንላለን፤ ጣሊያኖቹ "ባቲላሚዬራ" ይሉታል፣ ቆርቆሮ መቺ ማለት ነው። "የብርጭቆ ወረቀት" የምንለው ማለስለሻ እንኳ የእነሱን "ካርታ ቬትራታ" ቃል በቃል ወደ አማርኛ የመለስነው ይመስላል።

ይህ ሁሉ ቃል በዚሁ መንገድ ነው የመጣው። ጣሊያን በወረራው ዓመታት ከአስመራ ተነስቶ በወልድያና በደሴ አድርጎ፣ ጣርማ በርን በዋሻ በስቶ አዲስ አበባ የሚገባውን መንገድ ሠራ። መንገዱን የሠራው ጦር ለማጓጓዝ ነው፤ ለእኛ አዝኖ አይደለም። ጦሩ በ1933 ተሸንፎ ወጣ። መንገዱ፣ ጋራዡና ቃላቱ ግን ቀሩ።  (ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ እንዲደርስ የተጀመረው የባቡር ሐዲድ ደግሞ ምን ቃላት ያመጣልን ይሆን? እሱን ሌላ ቀን።)

ወደ ጣሪያው ልመለስ። ለመሆኑ የጀርመን መኪና ጣሪያው ለምን ሌዘር ይለብሳል? ብረት አልበቃውም እንዴ?

ነገሩ የሚጀምረው ከፈረስ ጋሪ ነው። ላንዳው የምትባል የጀርመን ከተማ አለች፤ ጣሪያው የሚታጠፍ ባለ አራት ጎማ የመኳንንት ሠረገላ በስሟ ይጠራል። መኪና ሲመጣም ሸራው የሚታጠፍ መኪና የሀብታም ምልክት ሆነ። አሜሪካኖቹ ታዲያ አንድ ብልሃት አገኙ፦ ጣሪያው የማይከፈት ተራ መኪና ላይ ሌዘር መሳይ ፕላስቲክ ቢለጥፉበት የሚከፈት ይመስላል! እ.ኤ.አ. በ1956 ካዲላክ ውድ ሞዴሉ ላይ አደረገው፤ በ1962 ፎርድ ተንደርበርድ "ላንዳው" ብሎ ስሙን ጭምር ወሰደው። ከዚያ ፋሽኑ ሁሉም ጋ ገባ። ፕሊማውዝ በ1969 አበባ የታተመበት ጣሪያ እስከመሸጥ ደርሷል። ኦፔል ደግሞ ጀርመን ይሠራ እንጂ ከ1929 ጀምሮ የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ንብረት ነበር። የአሜሪካ ፋሽን በባለቤቱ በኩል ጀርመን ገባ፣ ከጀርመን ደሴ፣ ከደሴ ሐራ። በአጭሩ የጋሼ ጣሪያ የማይከፈት ሆኖ የሚከፈት የሚመስል፣ ፕላስቲክ ሆኖ ቆዳ የሚመስል ነገር ነው።

ችግሩ ግን ማስመሰሉ አይደለም። ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ዘይት መሰል ነገር በፀሐይ ብዛት ተኖ ያልቃል፤ ከዚያ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁና በጠርዙ በኩል ውሃ ይገባል። የገባው ውሃ አይወጣም፤ ከሥር ያለው ጨርቅ እንደ ስፖንጅ ይዞት ይቀመጣል። ፋብሪካዎችም ብዙ ጊዜ "ይሸፈን የለ" ብለው ከሥር ያለውን ብረት በደንብ አይቀቡትም ነበር። ስለዚህ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ይበላል። በሽታው የሚታወቀው ሲገፈፍ ነው።

ባትላሜራው አንዱን ጥግ በካቻቢቴ ቀና አደረጉና "ቲቸር፣ ና እስቲ እይ" አሉኝ። ዝገቱ እንደ ተፈጨ በርበሬ ረገፈ። እኔም ሳላስብ "ይገፈፍ" አልኩ። በአንድ ከሰዓት አለቀ። ከሥር አሥራ ሁለት ቀዳዳ ተገኘ፤ በስቱኮ የተደፈነ፣ በረድፍ የተደረደረ፣ ዙሪያው የተበላ። ፎቶ አንስቼ ለሪያዱ ልጅ ላክሁ። ማታ ለጋሼ ባለቤት፣ ለእትዬ፣ ስልኬን ይዤ ሄድኩና አሳየኋቸው። ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

እትዬ ፎቶውን አዩ። ዝም አሉ። ከዚያ "ስፌቱስ?" አሉኝ።

"የምን ስፌት?"

በ1977 ነው። ዓመቱን ለወሎ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። የእንግሊዙ ቴሌቪዥን ኮረምን ቀርጾ ዓለም ያለቀሰው በዚያ ዓመት ጥቅምት ነው፤ እዚህ ያለው ሰው ግን ካሜራው ከመምጣቱ በፊትም ያለቅስ ነበር። ጋሼ በዚያ ዓመት ያችን ቆንጆ መኪና ወስደው ጣሪያዋን አስበሱና ፖርቶማጋላ አስገጠሙ። ቤንዚን በኩፖን በሚገኝበት ጊዜ፣ ውስጧ የታመመ ሰው፣ ላይዋ ጆንያ እህል ጭና ተመላለሰች። አንድ ምሽት ብረቱ ሌዘሩን ከኋላ መስታወት በላይ ተረተረው። ዝናብ እንዳይገባና በማግስቱ እንድትሄድ እትዬ በኩራዝ፣ በጆንያ መርፌ ሲሰፉ አደሩ። ጋሼ ኋላ ፖርቶማጋላውን ሲያስነሱ ቀዳዳውን በስቱኮ አስደፍነው ሌዘሩን ሲያስለጥፉበት፣ "ስፌቱን አትንኩት" ብለው ነበር አሉ። እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። አልጠየቅሁም።

ተማሪዎቼ፣ "የታሪክ ምንጭ ሳይመረመር አይነካም" እያልኩ ስንት ዓመት ጮህኩባችሁ? ፈተና ላይ ስንቱን ቀነስኩባችሁ? ከጋሼ ሕይወት ትልቁን ምንጭ በካቻቢቴ ያስገፈፍኩት ግን እኔው ነኝ። ቃለ መጠይቅ የሚደረግላቸው ሰው ከቤቴ አምስት ደቂቃ መንገድ ላይ ተቀምጠው!

ሌሊቱን አልተኛሁም። ጎህ ሲቀድ ጋራዥ ሄድኩ። ቁርጥራጩን የጋራዡ ልጆች ከሥር አንጥፈው ይተኙበት ነበር። አንድ በአንድ አገላብጬ ያችን ቁራጭ አገኘኋት። ክሩ ጠቁሯል፣ ስፌቱ ግን አልተፈታም።

ከዚያ ነው እውነተኛው ክርክር የመጣው። የሪያዱ ልጅ "አዲስ ጥቁር ሌዘር ይለጠፍ፣ አባቴ የገዛት ያቺ ናት" አለ። በልጅነቱ በዚያ ጣሪያ እጁን አቃጥሏል፤ ከዚያ ውጪ ያለች ኦፔል የእሱ አይደለችም። ባትላሜራው "ሌዘር አትለጥፉ፤ ዝገቱን ቆርጬ ላሜራ ልበይድ፣ ይቀባ፣ ሌላ ሃምሳ ዓመት ትኖራለች" አሉ። የእትዬን ሐሳብ አሁንም ገና አልጠየቅንም።

በዚህ መሃል ነው ላሊበላ ትዝ ያለኝ። የራሳችን የሰሜን ወሎ ትልቁ የጣሪያ ክርክር እኮ እዚያ ነው። ከ1960ዎቹ በፊት በነበረ እድሳት አብያተ ክርስቲያናቱን ውሃ እንዳያስገቡ ተብሎ ሬንጅ መሰል ልባስና ቀይ ቀለም ተቀብተው ነበር። ለደግ ነው የታሰበው። ኋላ ሳንድሮ አንጀሊኒ የሚባል ጣሊያናዊ አርክቴክት የመራው ቡድን ልባሱን አስነሳ። በ1970 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ አድርጎ መዘገባቸው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ግዙፍ የብረት መጠለያዎች ከላያቸው ቆሙ። እነዚያም ለደግ ነበር፤ ግን "ምሰሶዎቹ ራሳቸው ይወድቁብናል" የሚል ሥጋት መጣና በ2011 የከተማው ሕዝብ አደባባይ ወጣ። መጠለያው ይነሳ ቢባል ዝናብ አለ፣ ይቆይ ቢባል ክብደቱና ነፋሱ አለ። ከዚህ የተማርኩት፣ ማደስ ማለት "ወደ ድሮው መመለስ" እንዳልሆነ ነው። ድሮ ብዙ ነው። አዳሹ ከብዙ ድሮ አንዱን ይመርጣል፣ ሲመርጥ ሌላውን ይፍቃል።

የእኛም እንዲሁ ነው። ልጁ የሚያድሰው 1972ን ነው። እትዬ የሚያስታውሱት 1977ን ነው። ባትላሜራው የሚያስበው የዘንድሮን ክረምት ነው። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ ጣሪያው ግን አንድ ነው።

"ታዲያ መኪናዋን ሸጣችሁ አዲስ አትገዙም?" ያላችሁኝ አላችሁ። በየት አገር? በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሏል፤ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ተባለ። እኛ አገር አሮጌ መኪና የሚታደሰው እንደ ፈረንጅ ለትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ አይደለም። ሌላ ስለሌለ ነው። ደግሞም መኪና ዕቃ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት የወጡት በዚያ ሁሉ ሮልስ ሮይስ ሳይሆን በቮልስዋገን ተሳፍረው ነው። ወሎ በረሃብ ሲያልቅ ዝም ያለ መንግሥት መጨረሻው በዚያች ትንሽ መኪና ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ወደ እትዬ ተመለስኩ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅሁ። ቁራጯን ሰጠኋቸው። በጣታቸው ስፌቱን ዳሰሱና "ያን ቀን መርፌው ሁለቴ ወግቶኛል" ብለው ሳቁ። ከዚያ "እትዬ፣ ጣሪያውን ምን እናድርገው?" አልኳቸው። ከመጀመሪያው መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ።

"ልጄ፣ ጣሪያ ዝናብ ካላስገባ ጣሪያ ነው። ያ ጥቁር ነገር ፀሐዩን እየሳበ ስንቱን በሽተኛ አስጨንቋል መሰለህ። ነጭ አድርጉት። ፖርቶማጋላውን ግን መልሱልኝ።"

በቃ። እንዲህ ሆነ፦ የተበላው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ተበየደ። ከአሥራ ሁለቱ ቀዳዳ ስምንቱ ተዘጋ፣ አራቱ ከሥራቸው ብረት ተደግፈው፣ ጎማ ገብቶላቸው አዲሱ ፖርቶማጋላ ይታሰርባቸዋል። ጣሪያው ነጭ ይቀባል። ለሪያዱ ልጅ ስነግረው ትንሽ ተከፋ፤ "ታዲያ ኦሪጅናል አይደለቻ" አለ። እውነቱን ነው፣ አይደለችም። ከዚያ ግን የእናቱን ድምፅ ቀድቼ ላክሁለት። ከሁለት ቀን በኋላ የቀለሙን ገንዘብ ላከ፣ ሌላ ምንም ሳይጽፍ።

ቁራጯንስ? "ለታሪክ ክፍል ልውሰዳት፣ ለተማሪዎች ላሳያት" ብላቸው እትዬ እምቢ አሉ። ሳጥናቸው ውስጥ አስቀምጠው "ተማሪዎችህን አምጥተህ እዚሁ አሳያቸው፤ ቡናም ይጠጣሉ" አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ቤተ መዘክር አላውቅም።

አሁን የቤት ሥራ ልስጥ፦ ከሐራ፣ ከመርሳ፣ ከወልድያ ወይም ከሀብሩ ገጠር በ1977 በዚያች መኪና የሄደ፣ ወይም እናት አባቱ ሲያወሩ የሰማ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ፎቶ ካለ ደግሞ እሰየው። እናንተም እቤታችሁ የቆመ አሮጌ ነገር ካለ፣ ከማስጠገናችሁ በፊት ትልቅ ሰው ጠይቁ። ካቻቢቴው ይቆያል።

ቀለሙ ሲደርቅ ፎቶውን እለጥፋለሁ። ሰላም እደሩ።