ሰላም ወዳድነትና በመንግሥት ዘንድ ያለው ስፍራ

ሰላም ወዳድነት ምንድን ነው? ሰላምን እወዳለሁ የማይል ሰው የለም፤ ጦርነት ሲመጣ ግን ሁሉም ምክንያት ያገኝለታል። ፓሲፊዝም የተባለው አሳብ ከዚህ ያልፋል፤ ይኸውም ጠብ በጦር መፈታት የለበትም፣ እውነት እንኳ ብትሆን በሰይፍ ልትጫን አይገባም የሚል ነው። በእንግሊዝ አገር ኩዌከር የተባሉት ክርስቲያኖች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምረው መሣሪያ አናነሣም ብለዋል። በህንድም ማሕተመ ጋንዲ ያለ ጦር መታገልን የነጻነት መንገድ አድርገውታል። እኛ የደልጊ ልጆች ግን ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ከእኛ በስተ ምሥራቅ፣ በዚሁ በጣና ዳር፣ የዐፄ ሱስንዮስ ከተማ የነበረችው ጎርጎራ አለችና።

ዐፄ ሱስንዮስ ፔድሮ ፓኤዝ ከተባሉት ኢየሱሳዊ መምህር ጋር ተወዳጅተው በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን እምነት መቀበላቸውን በይፋ አስታወቁ። በዚህ ቢቀር ኖሮ ነገሩ የአንድ ሰው ኅሊና ጉዳይ በሆነ ነበር። ነገር ግን በ1618 ዓ.ም. በፓትርያርኩ በአልፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮማ መታዘዛቸውን ከማሉ በኋላ እምነቱ የመንግሥት ሕግ ሆነ። ካህናት እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ ሕዝቡም እንደገና እንዲጠመቅ ታዘዘ። ባላገሩ አመፀ፤ በላስታም መልክአ ክርስቶስ ተነሡ። በሰኔ ወር 1624 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ታላቅ ጦርነት ሆኖ ንጉሡ ድል አደረጉ። በዚያ ቀን 8,000 ያህል ሰው እንደ ወደቀ ይነገራል። የወደቁትም የራሳቸው ወገኖች፣ ክርስቲያኖች ነበሩ።

ድል ያደረገ ንጉሥ ምን ያደርጋል? ግብር ያገባል፣ ያስፎክራል፣ የቀረውንም ያሳድዳል። ዐፄ ሱስንዮስ ግን በዚያው ወር የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ፤ ዘውዱንም ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ከጥቂት ወራት በኋላም ዐረፉ። ሰላም በተሸናፊ አፍ ፍርሃት ሊመስል ይችላል፤ በአሸናፊ አፍ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ሆኖም ታሪክን ማሳመር አይገባንም። ይህ ውሳኔ የመጣው ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። በዐፄ ፋሲልም ዘመን ኢየሱሳውያን ከአገር ተባረሩ፤ በካቶሊክ እምነት የጸኑትም በተራቸው ተሰደዱ፣ ተገደሉም። የላስታ ጦርነትም ወዲያው አልበረደም። ሰይፉ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ ከኅሊና ጉዳይ ፈጽሞ አልወጣም ነበር።

ታዲያ ሰላም ወዳድ ሕዝብ ጠላት ሲመጣበት ምን ያድርግ? የሚል ጥያቄ ይነሣል። አገራችን በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ነገሯን በሕግ ለመጨረስ ታምና ነበር። በ1928 ዓ.ም. ግን ኢጣልያ በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ ወረረቻት። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ቆመው ፍርድ ጠየቁ፤ ማኅበሩም ጥቂት ቀናት ቆይቶ በኢጣልያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሣ። ይህንም ለሰላም ሲባል ነው ያሉ ነበሩ። እኛ ግን ይህን ሰላም ወዳድነት ብለን አንጠራውም፤ የተበደለን ጥሎ መሸሽ ነውና። በዱር በገደል አምስት ዓመት የተዋጉትን አርበኞችም ለምን ተዋጋችሁ ብለን አንወቅስም።

ከነዚህ ሁለት ታሪኮች የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ የሰላም ዕዳ አስቀድሞ የሚወድቀው ኃይል ባለው ላይ ነው። ደካማውን ታገሥ ከማለት በፊት ብርቱውን ተው ማለት ይገባል። ደም አድራቂ ሽማግሌዎቻችንም ይህን ያውቃሉ፤ ገዳይ ጥፋቱን አምኖ ካሳ ሳይከፍል ለሟች ወገን ይቅር በል አይሉም።

ስለዚህ፣ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ነገ ከእኛ መካከል ዳኛ፣ ሹም፣ መምህር ወይም ወታደር የሚሆን ይኖራል። ክርክር በረታን ጊዜ፣ ጉልበቱም ሥልጣኑም በእጃችን በገባ ጊዜ፣ የወይና ደጋን ማግሥት እናስብ። ለመተው የምንፈተነው ያን ጊዜ ነው።