የሸንኮራ አገዳ አተላና የዶሎ ኦዶ ማገዶ

ጠላ በሚጠመቅበትና አረቄ በሚወጣበት ሰፈር ያደገ ሰው አተላ ምን እንደ ሆነ ያውቀዋል። መጠጡ ለእንግዳ ከቀረበ በኋላ የሚቀረውን ዝቃጭ እናቶቻችን ለከብት ያጠጡታል እንጂ አይደፉትም። የስኳር ፋብሪካዎቻችንም የየራሳቸው አተላ አላቸው፤ ዛሬ የምንናገረው ስለዚሁ ነው።

የኔዘርላንድ ኩባንያ የነበረው ኤች.ቪ.ኤ. ያቋቋመው የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሸዋና መተሐራም ተከተሉ። ከአገዳው መጨመቅ በኋላ የሚቀረው ገለባ፥ ባጋስ የሚሉት፥ የፋብሪካውን የእንፋሎት ጋን ስለሚያሞቅ ከመጀመሪያው አንሥቶ ዋጋው ታውቆለት ነበር። ሁለተኛው ትራፊ ሞላሰስ፥ ማለት ከእንግዲህ ስኳር የማይወጣው ጥቁር ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። ከመቶ ኩንታል አገዳ ሦስት ወይም አራት ኩንታል ያህል ይገኛል። በየመሥሪያ ቤታችን በሻይ ላይ ስኳር ስንጨምር ስለዚህ ጥቁር ወንድሙ የምናስብ ጥቂቶች ነን።

በ1991 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የፊንጫኣ ፋብሪካ ሞላሰሱን ወደ ኢታኖል መለወጫ ጭምር ነበረው። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከመቶ አምስት እጅ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ አሥር እጅ ከፍ አለ። ነገር ግን ከመኪናው አስቀድሞ ሌላ ፈላጊ ተገኝቶ ነበር። ከ1998 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጋያ ማኅበር የፊንጫኣን አልኮል በጅጅጋ አቅራቢያ ባለው የቀብሪ በያህ የስደተኞች መጠለያ በምድጃ እንዲነድ አደረገ። እንጨት ፍለጋ ርቀው ሲሄዱ ለጥቃት ይጋለጡ ለነበሩ ሴቶች ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ቤንዚንና ምድጃ ከአንድ በርሜል የሚቀዱ ተወዳዳሪዎች የሆኑትም ከዚህ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው፥ ወደ እውነተኛው አተላ እንምጣ። አልኮሉ ሲጣራ የሚቀረው ቪናስ ይባላል፤ ትኩስ፥ ቡናማና ኮምጣጣ ነው። ለአንድ ሊትር አልኮል ከ10 እስከ 15 ሊትር ይቀራል። በቀን 45 ሺህ ሊትር እንዲያወጣ የተሠራው የፊንጫኣ ማጣሪያ በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ በቀን ቢያንስ 450 ሺህ ሊትር አተላ ያስቀራል ማለት ነው። ይህ ወንዝ ውስጥ ቢገባ የውኃውን አየር ጨርሶ ዓሣውን ያፍናል፤ በክፍት ኩሬ ቢቀመጥም ይብላላና የሚነደው ጋዙ በከንቱ ይተናል። ብራዚል ቪናስን ወደ ወንዝ መልቀቅን በ1978 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከልክላ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ለአገዳው እርሻ ማዳበሪያ ሲሆን ኖረ። በ2020 ደግሞ በሳን ፓውሎ ግዛት፥ በጓሪባ፥ ከዚሁ ዝቃጭ ጋዝ አውጥቶ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ታላቅ ጣቢያ ተመረቀ።

አሠራሩ አያስቸግርም። አተላው ቀዝቀዝ ብሎ አየር በማይገባው ጋን ይዘጋል፤ ደቂቃን ነፍሳት ይበሉታል፤ ሚቴን የበዛበት ጋዝ ይወጣል። ድኝ ያለበትን ክፉ ሽታ ካጠሩለት ይነዳል። የሚቀረው ውኃም ፖታሲየሙን እንደ ያዘ ወደ እርሻው ይመለሳል።

ይሁንና ይህ ጋዝ ወደ ዶሎ ኦዶ ሊሄድ አይችልም። አልኮል በቦቴ ይጓዛል፥ ኤሌክትሪክም በሽቦ፤ ከአተላ የወጣ ጋዝ ግን እዚያው በፋብሪካው ጋን ሥር ቢነድ ይሻላል፤ በዚህም የሚተርፈው ባጋስ ለኤሌክትሪክ ይውላል። ገናሌና ዳዋ ተገናኝተው ጁባ በሚሆኑበት በዚያ ቆላ፥ ከ2001 እስከ 2004 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ቦቆልማዮ፥ መልካዲዳ፥ ቆቤ፥ ሂለወይንና ቡራሚኖ የተባሉ አምስት መጠለያዎች ተከፈቱ፤ በዙሪያውም ያለው ቁጥቋጦ በመጥረቢያ እየመነመነ ሄደ። አገዳ በሌለበት የአገዳ አተላ ከወዴት ይመጣል?

የዶሎ ኦዶ ሰዎች ግን የራሳቸውን አተላ አገኙ። ከውጭ ገብቶ ግጦሹን የወረረው ፕሮሶፒስ የተባለ እሾኻም ዛፍ ለከብት አርቢው ጠላት ነው። ስደተኞቹና ነባሩ ሕዝብ በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ይህን ዛፍ ይቆርጣሉ፥ ያከስላሉ፥ ፈጭተውም በመጭመቂያ እንክብል ያደርጉታል። ከሰሉ የሚሸጠው እዚያው፥ እሾኹ ከተቆረጠበት ሜዳ አጠገብ ነው።