ሊኑክስ ከተጫነ ወዲህ የትኛው ፋይል ተለወጠ?

በጥር ብርድ አንድ ወዳጄ እዚህ ቶሮንቶ የማኅበራቸው ድረ ገጽ ያለበትን አሮጌ ኮምፒዩተር ተሸክሞ መጣና «ሰው ሳይገባበት አይቀርም፣ እስቲ እየው» አለኝ። ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። እዚሁ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች የፍላሽ ማሻሻያ መስሎ የሚመጣ የስለላ ሶፍትዌር ሲላክባቸው እንደነበር አጋልጧል። ያ የተሠራው ለዊንዶውስ ነበር፤ የወዳጄ ሊኑክስ ነው። ጥያቄው ግን ያው ነው፦ ከተጫነ ወዲህ ምን ተለወጠ?

ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀን ነው። «ፋይንድ» የተባለው ትእዛዝ ከተወሰነ ቀን ወዲህ የተለወጡትን ይዘረዝራል። ነገር ግን «ተች» በሚባል ትእዛዝ ማንም የፋይሉን ቀን ወደፈለገው ዓመት ይመልሰዋል።

የሚሻለው የንብረት ቆጠራ ነው፤ ሀገር ቤት በሰኔ መጨረሻ የንብረት ክፍል ሠራተኛ መዝገቡን ይዞ መጋዘን እንደሚዞረው። ሊኑክስ ፓኬጅ ሲጭን ቼክሰም የሚባለውን የየፋይሉን አሻራ ይመዘግባል። በፌዶራ «አርፒኤም» ብለው ትልቁን «ቪ»ና ትንሹን «ኤ» ያስከትሉ፤ በኡቡንቱና በዴቢያን «ዲፒኬጂ»ን ከ«ቬሪፋይ» ጋር ያዝዙ። የሚወጣው ከመዝገቡ ጋር ያልተስማማው ብቻ ነው። 5 ቁጥር ካዩ የፋይሉ ይዘት ተለውጧል። አብራው ትንሿ «ሲ» ካለች የማስተካከያ ፋይል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የነካኩት እርስዎ ራስዎ ነዎት። «ሲ» የሌላት 5 በ«ቢን» ውስጥ ባለ ፕሮግራም ላይ ካየሁ ግን እኔ በበኩሌ መጀመሪያ የኔትወርኩን ሽቦ እነቅላለሁ።

መዝገቡ ያለው እዚያው ቤት ውስጥ መሆኑ አይዘንጋ። የመጋዘኑን ቁልፍ ያገኘ ሌባ መዝገቡንም ይሰርዛል፣ ይደልዛል። ጂን ኪምና ጂን ስፓፎርድ እ.ኤ.አ. በ1992 በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ «ትሪፕዋየር»ን የሠሩት ለዚህ ዓይነቱ ችግር ነው፤ ዛሬ በነፃ የሚገኘው «ኤይድ»ም ያንኑ ይሠራል። ሲስተሙ በተጫነበት ቀን የራስዎን መዝገብ ያዘጋጁና በዩኤስቢ ገልብጠው ከማሽኑ ያርቁት። መርማሪው ፕሮግራም ራሱ ተለውጦ ሊዋሽ ስለሚችል፣ ሲጠራጠሩ ኮምፒዩተሩን ከሌላ ንጹሕ ዩኤስቢ አስነስተው ይመርምሩ።

ደግሞ የፓኬጅ መዝገብ በኋላ የተጨመረውን አያውቅም። በወዳጄ ማሽን ላይ የተለወጡት ሦስት የማስተካከያ ፋይሎች ነበሩ፤ ሦስቱንም የለወጠው እሱ ነው። ልንጨርስ ስንል ያለ ይለፍ ቃል የሚያስገቡት የኤስኤስኤች ቁልፎች የተጻፉበትን ፋይል ከፈትኩ። ሁለት ቁልፍ አለ። አንዱ የእሱ ነው፤ ሌላው ከአራት ዓመት በፊት ወደ ካልጋሪ የሄደ የቀድሞ በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ተገኘ። ደውለን ጠየቅነው፤ ቁልፉ መኖሩንም ረስቶታል። ሰረዝነው።