የአንጎል መጠንና የእንስሳት ብልህነት

የአንጎል ክብደት የብልህነት መለኪያ ተደርጎ ለረጅም ዘመን ሲወሰድ ቆይቷል፡፡ ይሁንና የሰው ልጅ አንጎል 1 ነጥብ 4 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን፣ የዝሆን ከ4 ኪሎ ግራም በላይ፣ የስፐርም ዓሣ ነባሪ ደግሞ 8 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፡፡ አሜሪካዊው ሳይንቲስት ሃሪ ጀሪሰን እ.ኤ.አ በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ የአንጎልን መጠን ከሰውነት ክብደት ጋር የሚያነጻጽር ቀመር ቢያስተዋውቁም ጥያቄው አልተዘጋም፡፡

ጉዳዩ የእንስሳት ብቻ አልነበረም፡፡ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካዊው ሐኪም ሳሙኤል ሞርተን የራስ ቅሎችን ይዘት በመለካት የሰው ዘሮችን በደረጃ ከፋፍለዋል፤ ይኸው ልኬት ለባርነት ደጋፊዎች መከራከሪያ ሆኖ አገልግሏል፡፡

ብራዚላዊቷ ተመራማሪ ሱዛና ሄርኩላኖ-ሁዜል ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ በ2005 ይፋ ያደረጉት ዘዴ አንጎልን ወደ ፈሳሽነት ለውጦ በውስጡ ያሉትን ሕዋሳት መቁጠር አስችሏል፡፡ በዚህም የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት እንዳሉት ታውቋል፡፡ እ.ኤ.አ በ2014 የተመረመረው የአፍሪካ ዝሆን አንጎል 257 ቢሊዮን ሕዋሳት የተገኙበት ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 98 በመቶ ያህሉ የሚገኙት እንቅስቃሴን በሚያቀናጀው የኋለኛው የአንጎል ክፍል ነው፡፡ ከማሰብ ጋር በእጅጉ በተያያዘው የውጪኛው የአንጎል ሽፋን ያሉት 5 ነጥብ 6 ቢሊዮን ብቻ ሲሆኑ፣ በሰው ዘንድ ግን 16 ቢሊዮን ይደርሳሉ፡፡

አእዋፍ ደግሞ የተለየ ምሳሌ ናቸው፡፡ እ.ኤ.አ በ2016 የወጣ ጥናት የበቀቀንና የዘማሪ አእዋፍ አንጎል ተመሳሳይ ክብደት ካለው የጦጣ አንጎል በእጥፍ የሚበልጡ የነርቭ ሕዋሳት እንዳሉት አመልክቷል፡፡ በምዕራብ ሰሜን አሜሪካ ተራሮች የሚኖረው ክላርክስ ነትክራከር የተባለው የቁራ ዘመድ በሺህ በሚቆጠሩ ቦታዎች የቀበራቸውን የጥድ ፍሬዎች ከወራት በኋላ ተመልሶ ያወጣል፡፡

የንብ አንጎል 1 ሚሊ ግራም ገደማ ሲሆን የነርቭ ሕዋሳቱም ከ1 ሚሊዮን ያነሱ ናቸው፡፡ ያም ሆኖ ንቦች “ተመሳሳይ” እና “የተለያየ” የሚሉ ጽንሰ ሐሳቦችን መማር እንደሚችሉ እ.ኤ.አ በ2001 በወጣ ጥናት ተረጋግጧል፡፡ ላርስ ቺትካና ጄረሚ ኒቨን እ.ኤ.አ በ2009 ባቀረቡት ጽሑፍ የትላልቅ አንጎሎች ተጨማሪ ክፍል በአብዛኛው አዲስ ችሎታ የሚፈጥር ሳይሆን ያለውን አሠራር የሚደጋግም መሆኑን አስረድተዋል፡፡

የሕዋሳቱ ቁጥርም ቢሆን የመጨረሻ ዳኛ አልሆነም፡፡ እ.ኤ.አ በ2014 በወጣ ሌላ ጥናት ፓይለት ዌል በተባለ የባሕር እንስሳ የአንጎል ሽፋን 37 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት ተቆጥረዋል፤ ይህም በሰው ልጅ ከሚገኘው ይበልጣል፡፡