ከግብር ደብዳቤ እስከ መረጃ መብት፦ የወለጋ መዛግብትና የመንግሥት ተጠያቂነት

በነቀምቴ የሚገኘው የደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት ዛሬ ለጎብኚዎች ክፍት ነው። በውስጡ ይጻፉና ይቀመጡ የነበሩት ወረቀቶች ግን ለረጅም ዘመን ከገዢዎችና ከጸሐፊዎቻቸው በቀር የሚያያቸው አልነበረም። አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታዓ ከ1880ዎቹ እስከ 1920ዎቹ ዓመተ ምሕረት ያለውን ጊዜ የሚሸፍኑ የወለጋ ሰነዶችን ሰብስበው በማሳተማቸው፣ የአካባቢው ታሪክ ተመራማሪ አዲስ ምንጭ አግኝቷል። ይህ ጽሑፍ እነዚያን መዛግብት መነሻ አድርጎ አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ የሕዝብን ሒሳብ መጻፍና ማሳየት የማን ግዴታ ነው?

የኩምሳ አባት ሞሮዳ በከሬ በ1870ዎቹ ለምኒልክ የጦር አዛዥ ለራስ ጎበና ከገበሩ በኋላ፣ ሌቃ ነቀምቴ ግብር እየከፈለች የውስጥ አስተዳደሯን ይዛ ቆየች። የደጃዝማች ጆቴ ቱሉ ግዛት ሌቃ ቄለምም በተመሳሳይ መንገድ አደረች። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ሌላውም የምድሪቱ ሀብት ወደ ሸዋ ሲጓዝ ትእዛዙ በደብዳቤ ይመጣ ነበር። የደብዳቤው ቋንቋ አማርኛ ነው፤ የግብሩን ሸክም የሚሸከመው ገበሬ ደግሞ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ነው። ስለዚህ ከቤቱ የወጣው ምን ያህል እንደሆነ፣ ከዚያም ውስጥ ምን ያህሉ ቤተ መንግሥት እንደ ደረሰ ሊያነብ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። መዝገብ ነበረ፤ የመዝገቡ ባለቤት ግን ተቀባዩ እንጂ ከፋዩ አልነበረም።

የእስልምና ሊቃውንት ይህን ጉዳይ ሲመለከቱ በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ፣ በአያቱ ደይን፣ ላይ መቆማቸው አይቀርም። አንቀጹ ዕዳ በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ጸሐፊው ፍትሐዊ እንዲሆን፣ ምስክርም እንዲቆም ያዛል። ከዚህም ጋር የዕዳውን ቃል ለጸሐፊው የሚያስጽፈው ባለ ዕዳው እንዲሆን ይደነግጋል። ሙፈሲሮች ምክንያቱን ሲያብራሩ፣ ባለ ዕዳው በገዛ አንደበቱ የሚሰጠው ቃል በራሱ ላይ ማስረጃ ስለሚሆን ነው ይላሉ። አንቀጹ የተናገረው ስለ ግለሰቦች ዕዳ ነው። ሆኖም የሕዝብ ገንዘብ በመንግሥት እጅ ያለ አማና እንደመሆኑ፣ በንጽጽር ስናየው ባለ ዕዳው መንግሥት ነው፤ ሒሳቡንም ቀድሞ የመናገር ግዴታ የእርሱ ነው። በነቀምቴው መዝገብ ሥርዓቱ ተገልብጦ ነበር፤ አስጻፊው ጠያቂው ሆኖ፣ ከፋዩ ዝም ብሎ ቆሞ ነበር።

የዓለም ሕጎች ወደዚህ ሐሳብ የደረሱት ቀስ በቀስ ነው። ስዊድን የመንግሥት ሰነዶች ለሕዝብ እንዲታዩ የሚፈቅደውን ሕግ በ1766 እ.ኤ.አ. አወጣች፤ አሜሪካ በ1966፣ ደቡብ አፍሪካ በ2000፣ ሕንድ በ2005 ተከተሉ። የሕንዱ ሕግ ሥር የያዘው በራጃስታን መንደሮች ነው። በዚያ የቀን ሠራተኞች የደመወዝ መዝገባቸው በአደባባይ እንዲነበብ ጠየቁ፤ መዝገቡ ሲነበብም ያልሠሩ ሰዎች ስም በከፋይ ዝርዝር ተገኘ።

በኢትዮጵያ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ባለ ሥልጣናትም ተጠያቂ እንዲሆኑ ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 29 ደግሞ መረጃ የማግኘትን መብት ያረጋግጣል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ዝርዝሩን አወጣ። በዚህ አዋጅ መሠረት የመንግሥት አካል የተወሰኑ መረጃዎችን ሳይጠየቅ ማሳተም አለበት፤ ለቀረበለት ጥያቄም በ30 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል፤ ከከለከለም ምክንያቱን ይገልጻል። ቅር የተሰኘ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት አቤት ሊል ይችላል። ለብሔራዊ ደኅንነትና ለግለሰብ ምሥጢር የሚደረጉ ልዩ ሁኔታዎች አሉ።

ሕግ መኖሩ ግን ብቻውን መልስ አይሆንም። በ2012 ዓ.ም. ከጥር እስከ መጋቢት፣ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። የኮሮና ወረርሽኝ መግባቱ በመጋቢት 4 ቀን በይፋ በተነገረበት ሰሞን፣ የእነዚህ ዞኖች ነዋሪዎች ከዘመዶቻቸው መጠያየቅ እንኳ አልቻሉም። የመረጃ መቋረጥ ሕይወትን የሚነካ ጉዳይ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ዛሬ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ የጥንቱን ገበሬ የከለከለው የቋንቋ ግድግዳ ፈርሷል። የቀረው የመጠየቅ ልማድ ነው። መምህር ለተማሪዎቹ የወረዳውን በጀት ማንበብን ቢያስተምር፣ ኢማምም በቅድሚያ የመስጊዱን ገቢና ወጪ ለጀመዓው በግልጽ ቢያቀርብ፣ ከሌላው ሒሳብ ለመጠየቅ የሚያበቃ ምስክርነት ያገኛሉ። ሒሳብ የሚጠይቅ የራሱን ሒሳብ አስቀድሞ የከፈተ ሊሆን ይገባዋልና።