አራት ብሎኖች፦ የቮልስ ሞተር ቅየራና ያልተጻፈው የቴክኖሎጂ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ ሊብሬ ነው። በግቢዬ የቆመችው የ1964 ሞዴል ቮልስ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) በሊብሬዋ መሠረት ባለ 1200 ሲሲ ናት። ስገዛት ከኋላ ክዳኗ ሥር ያገኘሁት ሞተር ቁጥር ግን «ኤዲ» በሚሉ ፊደላት ይጀምር ነበር። እነዚህ ፋብሪካው ከ1970 ወዲህ በባለ 1600 ሲሲ ሞተር ላይ ያተማቸው ፊደላት ናቸው። ሰነዱና ዕቃው አይስማሙም። ለታሪክ ተመራማሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም።

የቴክኖሎጂን ታሪክ በአብዛኛው የምንጽፈው ከፈልሳፊውና ከፋብሪካው ወገን ቆመን ነው። የቮልስ ታሪክ ሲነገር ፈርዲናንድ ፖርሽ ይነሣሉ፤ ከጦርነቱ በኋላ የቮልፍስቡርግን ፋብሪካ ዳግም ሥራ ያስጀመሩት እንግሊዛዊው መኮንን ኢቫን ኸርስት ይነሣሉ፤ በ2003 የመጨረሻዋ መኪና በሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ስትወጣ ድምሩ 21,529,464 መድረሱም ይጠቀሳል። መኪናዋ ከፋብሪካው በር ከወጣች በኋላ በግቢና በጋራዥ የተሠራችው ሥራ ግን እንደ ጥገና እንጂ እንደ ታሪክ አይቆጠርም። እኔ ይህ ሥራ ማስረጃ ትቶ ያልፋል፣ ማስረጃውም ይነበባል እላለሁ።

ባለፈው ክረምት ያን ሞተር አውርጄ ሌላ ለመተካት ተነሣሁ። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዙት አራት ብሎኖች ናቸው፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። በአየር ስለሚቀዘቅዝ የሚፈታ ራዲያተር የለውም። የቤንዚን ቱቦው ተዘግቶ ገመዶቹና የኤሌክትሪክ መስመሮቹ ከተላቀቁ በኋላ ከመቶ ኪሎ ጥቂት የሚበልጠው ሞተር በክሪክ ላይ ዐርፎ ወደ ኋላ ይሳባል። ቅለቱ የታሰበበት ነበር፤ ኩባንያው ራሱ ያረጀ ሞተር ተቀብሎ የታደሰ ይሰጥ ነበርና። የካሰል ፋብሪካውም በ1958 ሥራ የጀመረው በዚሁ የማደስ ተግባር ነው። (በነገራችን ላይ ካምቢዮ፣ ሞተሪኖ፣ ቮላኖ የጣልያን ቃላት ናቸው። የጀርመን መኪና በጣልያንኛ ቃል በአማርኛ ተናጋሪ እጅ ይጠገናል፤ ይህ ራሱን የቻለ ንግግር ይወጣዋል።)

ሞተሩ ሲወርድ የካምቢዮው ቤት የውስጥ ግድግዳ ታየኝ። የ1964ቷ መኪና ኤሌክትሪክ 6 ቮልት፣ ቮላኖዋም ባለ 109 ጥርስ ነው። ኋላ የመጣው የ12 ቮልቱ ሞተር ቮላኖ ግን 130 ጥርስ አለው፤ ዙሪያውም ሰፊ ስለሆነ በአሮጌው ካምቢዮ ውስጥ ግድግዳውን ይነካል። አራቱ ብሎኖች ይገጥማሉ፤ ሞተሩ ግን አይዞርም። ስሙን የማናውቀው መካኒክ ይህችን ጥቂት ሚሊሜትር በሞረድ በልቶ አስፍቷታል። ምልክቱ ወጥ አይደለም፤ በአንድ ወገን ይጠልቃል፣ በሌላው ለስለስ ይላል። ሞርዶ፣ ገጥሞ፣ አዙሮ፣ እንደገና አውርዶ የሠራ ሰው እጅ ነው። ቤቱ የማግኒዥየም ቅይጥ በመሆኑ ብናኙ በቀላሉ ይቀጣጠላል። በእጅ መሞረዱን እንደ ጥንቃቄ አነበብሁት፤ ምናልባት መፍጫ ማሽን ስላልነበረው ሊሆንም ይችላል።

ወዳጆቼ ሊብሬውን ተከትዬ 1200ውን እንድመልስ፣ የተሞረደውንም ካምቢዮ «ባልተነካ» እንድለውጥ መከሩኝ። ምክሩ የሙዚየም ምክር ነው፤ በሙዚየም ውስጥ አከብረዋለሁም። እዚህ ግን የፋብሪካውን ቀን ለማስመለስ ስንል መኪናዋን ለዐሥርት ዓመታት በመንገድ ላይ ያቆያትን ሰው ብቸኛ ፊርማ ልንጥል ነው። ስለዚህ ሌላ 1600 አስገባሁ፤ ካምቢዮውንም አልነካሁትም። ዘንጉን ከፍሪሲዮኑ ጋር አስተካክሎ ማስገባት ለልጄና ለእኔ ግማሽ ቀን ፈጀብን።

ከዚያ ሊብሬው እንዲታረም አመለከትሁ። በቅጹ ላይ የተመዘገበውን ቁጥርና አዲሱን ቁጥር ሞላሁ። በመካከላቸው ለነበረው ሞተር የተተወ ቦታ አልነበረም፤ በኅዳጉ ላይ ጻፍሁት።