የካፋ ጭነት በማን ትከሻ?

ከመቶ ዓመት በፊት ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የዘለቁ የውጭ ተጓዦች ያስቀሩትን ፎቶግራፍ ያገላበጠ ሰው ይህን መሰል ምስል ሳያጋጥመው አይቀርም። ቀጭን የእግር መንገድ አለ፤ ግራና ቀኙ ጫካ ነው። በመንገዱ ላይ ባዶ እግራቸውን የሆኑ ሰዎች ተሰልፈው ቆመዋል። አንዱ ስልቻ በትከሻው ጥሏል፤ ሌላው በመጫኛ የተጠፈረ ሣጥን አዝሏል፤ ከኋላ ያለው ጎንበስ ስላለ ፊቱ አይታይም። ከሥዕሉ በታች ያለው መግለጫ የቦታውንና የተጓዡን ስም ይናገራል፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለውን የሚናገርበት ጊዜም አለ። የተሸካሚዎቹን ስም ግን አይናገርም።

እንዲህ ያለውን ምስል ሲያዩ መርሳት የማይገባ ሌላ ነገር አለ። የዚያ ዘመን የፎቶግራፍ ዕቃ ራሱ ሸክም ነበር። የእንጨት ካሜራው፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው፣ በትንሽ መንገጫገጭ የሚሰበረው የመስታወት ሰሌዳ፣ የማጠቢያ ኬሚካሉ ሁሉ በሰው ጀርባ ወይም በበቅሎ ተጭኖ ነው ጫካው ውስጥ የሚደርሰው። ተሸካሚው ካሜራውን አዝሎ ወጣ፤ አወረደው፤ ከዚያም ፊት ለፊቱ ቆመ።

ዛሬ በካፋ፣ በጌሻ ወረዳ፣ ደካ ላይ፣ አንድ አዛውንት ይህን ፎቶግራፍ ቢያዩ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው ተጓዡ ላይ አይሆንም። መጫኛው እንዴት እንደታሰረ፣ ጫናው ወደ ቀኝ እንዳዘነበለ፣ የፊተኛው ሰው ጉልበቱን እንደሰበረ ያያሉ። የአካባቢው መልክዓ ምድር ይህን ማየት ያስተምራል። ካፋ በአገሪቱ ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ጭቃው አይደርቅም፤ ቁልቁለቱ ወንዝ ላይ ይጥላል፣ ወንዙን የተሻገረ ደግሞ ወዲያው ዳገት ይጠብቀዋል።

የዚህ አገር ጭነት ከፎቶግራፍ በፊትም ረጅም ታሪክ አለው። ካፋ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በታቶዎቹ፣ ማለት በነገሥታቱ፣ የሚተዳደር ራሱን የቻለ መንግሥት ነበር። የቤተ መንግሥቱ ከተማ አንደራቻ ነበረች፤ ቦንጋ ደግሞ ከሩቅ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚሰፍርባት የገበያ ከተማ። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1843 እዚህ ደርሷል። ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ማሳያ፣ በአማርኛ አንባቢ ዘንድ አባ ማስያስ የሚባሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1859 ገብተው ከሁለት ዓመት በኋላ ተባርረው ወጥተዋል።

ወደ ካፋ ከሚገባው ጭነት ሁሉ የሚደንቀው አሞሌ ነው። ጨው በአፋር በረሃ ተፈልጦ፣ በግመልና በአህያ ትግራይን አልፎ፣ በጎጃም በኩል ዓባይን ተሻግሮ፣ የጊቤን አገሮች አቋርጦ ካፋ ሲደርስ ገንዘብ ነበር። በየኬላው ቀረጥ እየተከፈለበት፣ በየወንዙ አንዳንዱ እየሟሟ፣ በየመንገዱ እየተሸረፈ ስለሚመጣ ዋጋው ከመነሻው በራቀ ቁጥር ይጨምራል። ሌላው ቀርቶ የአገሩ ገንዘብ እንኳ የሸክም ልጅ ነበር ማለት ነው።

የሚወጣው ጭነት ደግሞ የራሱ ሒሳብ ነበረው። ዝባድ በቀንድ ተሞልቶ ይወጣል፤ ክብደቱ ትንሽ፣ ዋጋው ብዙ። የዝሆን ጥርስ ከባድ ቢሆንም ወጪውን ይችላል። ቡና ግን ሌላ ነው። ዛሬ ካፋ ሲባል ከሁሉ በፊት ትዝ የሚለን ቡና፣ በዚያን ዘመን ለሲራራ ነጋዴው ከባድና ርካሽ ሸቀጥ ነበር። ከቦንጋ እስከ ምጽዋ በበቅሎ የሄደ ቡና የመንገዱን ወጪ ለመሸፈን እንኳ ይቸግረዋል። ስለዚህ ነጋዴው ዓይኑን የሚጥለው በትንሽ ጫና ብዙ ዋጋ በሚያወጣ ነገር ላይ፣ ወይም ራሱን ተሸክሞ በሚሄድ ሸቀጥ ላይ ነው። ራሱን ተሸክሞ የሚሄደው ሸቀጥ ሰው ነበር። የባሪያ ንግድ በዚህ አካባቢ ያን ያህል ሥር የሰደደበት አንዱ ምክንያት ይህ የጭነት ሒሳብ መሆኑ ሲታሰብ ያሳቅቃል። በጅማ የነበረው የሒርማታ ገበያ ለዚህ ንግድ ስሙ የታወቀ ነው።

በሬውና በቅሎውስ የት ሄዱ? ለምን ሰው ተሸከመ? ጥያቄው ተገቢ ነው። በቅሎና ፈረስ ነበሩ፤ አጋሰስ ያለው ጭኗል። ነገር ግን የጎጀብና የኦሞ ሸለቆዎች የቆላ ዝንብ መኖሪያ ናቸው። ዝንቡ የሚያስተላልፈው ገንዲ የሚባለው በሽታ የጭነት ከብትን እያከሳ ይገድላል። ነጋዴው በደጋው ላይ ያደለበውን በቅሎ ቆላ ወርዶ ሊቀብረው ይችላል። በዚህ ላይ በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ክፉ ቀን የሚባለው የከብት እልቂትና ረሃብ መጣ። የጭነት እንስሳ ባነሰበት ሁሉ ሸክሙ ወደ ሰው ይዞራል።

ከዚያም ጦርነት መጣ። የዳግማዊ ምኒልክ የጦር አዛዥ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በ1889 ዓ.ም. ወደ ካፋ ዘመቱ። የጅማው አባ ጅፋር ሠራዊትም አብሮ ዘምቷል። ካፋዎች በቆላው፣ በጫካውና ዙሪያውን በቆፈሩት ጥልቅ ምሽግ ተማምነው ለወራት ተዋጉ። በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተያዙ፤ በሰንሰለት ታስረው ወደ ሸዋ ተወሰዱ፤ ወደ አገራቸውም ሳይመለሱ በግዞት ሞቱ። በዚያው ዓመት ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ጋር ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ የተጓዘው ሩሲያዊ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ያየው ካፋ፣ መንደሩ የተቃጠለ፣ ሰዉ ያለቀበትና የተሰደደበት ካፋ ነበር። የእርሱ የጉዞ መጽሐፍ በሩሲያ ታትሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1900 ነው።

የሚበዛው የሸክም ፎቶግራፍ የተነሣው ከዚህ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪሽ ቢበር እ.ኤ.አ. በ1905 ካፋን ጎበኘ፤ በ1909 ተመለሰ፤ ስለ ሕዝቡ ባህልና ታሪክ የጻፈውን ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ በ1920 እና በ1923 አሳተመ። ለካፋ ታሪክ ያደረገው ውለታ ትልቅ ነው፤ ያለ እርሱ ማስታወሻ የጠፋ ብዙ ነገር ይኖር ነበር። ያም ሆኖ በዘመኑ እንደነበሩ ተጓዦች ሁሉ፣ ማስታወሻው ቦንጋ የደረሰውም ከቦንጋ የወጣውም በሌሎች ትከሻ ነው።

በዚያ ሰልፍ ውስጥ የቆመው ሰው ደመወዝተኛ ነበር? አንዳንዱ አዎን። ብዙው ግን ገባር ነበር። ከወረራው በኋላ መሬቱና ገበሬው ለመኳንንቱና ለወታደሩ ተከፋፈለ። ገበሬው ከእህሉና ከማሩ ግብር በተጨማሪ የጉልበት ዕዳ ነበረበት፤ የጌታውን አጥር ያጥራል፤ ቤቱን ይሠራል፤ ማገዶውን ይፈልጣል፤ ሚስቱ እህል ትፈጫለች። ጌታው ሲጓዝ ጓዙን፣ ግብሩ ሲላክ ግብሩን ይሸከማል። ማርና ቡና ከጫካው ወጥተው የጌታው ግቢ የሚደርሱት በዚህ ዕዳ ነው። የቡና ነጋዴው ሊሸፍነው ያልቻለው የመንገድ ወጪ እዚህ ላይ ዜሮ ሆነ፤ ጉልበቱ ስላልተከፈለ ነው እንጂ ሸክሙ ስለቀለለ አይደለም።

ይህ የጉልበት ግዴታ በካፋ የተጀመረ አልነበረም። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 ከመልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ፣ በንጉሡ ትእዛዝ የአገሩ ሰው ጓዛቸውን ከመንደር መንደር እየተቀባበለ ይሸከምላቸው ነበር። ከ350 ዓመት ገደማ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስወስዱ፣ 70 ኩንታል ይመዝናል የሚባለው ብረት ዳገቱን የወጣው በወታደር ጉልበት ነበር። መድፉ ስም አለው፤ ያሠሩት ንጉሥና ያቀለጡት ሚሲዮናውያንም ስም አላቸው። ገመዱን የጎተቱት በቁጥር ብቻ ይነሣሉ።

በቡና ንግድ ላይ ያለው ዝምታ ግን የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ሚዛኑ ፈጽሞ ዝም ብሎ አያውቅም። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። የቡና ነጋዴ ዛሬም የገበያውን ዋጋ የሚጠራው በፈረሱላ ነው። ሦስት ፈረሱላ ያዘለ ሰው 51 ኪሎ ተሸክሟል። በመዝገቡ ላይ ሦስቱ ፈረሱላ በአንድ ዓምድ፣ ዋጋቸው በሌላ ዓምድ ተጽፈዋል፤ ለተሸካሚው ግን ዓምድ አልተሰመረም።

የጌሻን ስም የወሰደውን ቡና ታሪክ ከዚህ ጎን ማስቀመጥ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ የተለቀመ ዘር ወደ ኬንያ ሄደ፤ ከዚያ ወደ ታንዛኒያ፣ በ1953 ወደ ኮስታ ሪካ፣ በመጨረሻም ወደ ፓናማ። እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ ውድድር አሸንፎ ከዓለም ውድ ቡናዎች አንዱ ሆነ። የዘሩ ጉዞ ከጣቢያ ጣቢያ ተመዝግቧል። የመጀመሪያውን ቅርጫት ከጫካው ይዞ የወጣው ሰው ግን ከዚያ መዝገብ ውስጥ የለም።

ሸክሙ እንዴት ቀለለ? በአንድ ቀን አልቀለለም። እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው ስምምነት እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲከፍቱ ተፈቀደ፤ ጋምቤላ ተመሠረተች፤ የምዕራቡ ቡና ከጎሬ ቁልቁል እየወረደ በመርከብ ወደ ሱዳን መሄድ ጀመረ። መርከቡ የሚመጣው ባሮ ሲሞላ ብቻ ስለሆነ ቡናው አስቀድሞ ወርዶ መጋዘን ውስጥ መጠበቅ አለበት፤ ወደዚያ የሚያወርደው መንገድም የቆላ ዝንብ አገር ስለነበር የሰው ትከሻ አልተረፈም። በሌላ በኩል በ1909 ዓ.ም. ባቡር አዲስ አበባ ገባ። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ የጅማ መንገድ ለመኪና ተከፈተ። እያንዳንዱ አዲስ መንገድ ሸክሙን አላጠፋውም፤ አሳጠረው እንጂ። ጭነት መኪና የሚቆምበት ቦታ ድረስ ያለውን የሚሸፍነው እንደ ድሮው ሰው ነው።

በሕጉም በኩል ነገሩ ቀስ በቀስ ነው የሄደው። የባርነት ማስቀረት ሕጎች በ1916 ዓ.ም. ተጀምረው በ1934 ዓ.ም. አዋጅ ተጠናቀቁ። የገባሩን የጉልበት ግዴታ የሚያስቀሩት የመሬት ግብር አዋጆችም በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. ወጡ። ጭሰኝነት ግን እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ቆየ።

ከዚያ በኋላ ሸክሙ በግዴታ ሳይሆን በኑሮ ግድ የሚነሣ ሆነ። በመርካቶ ጫኝና አውራጁ ኩንታሉን በትከሻው ጥሎ «መንገድ! መንገድ!» እያለ በሰው መሐል ይሮጣል። ከእንጦጦ የሚወርዱት እናቶች ለብዙ ዓመታት የባሕር ዛፍ ጭራሮ ጎናቸውን አልፎ እስኪወጣ አዝለው ቁልቁለቱን ይይዙ ነበር። በቦንጋ አቅራቢያ በውሽውሽ የሻይ እርሻ ለቃሚዎች ቅርጫታቸውን በጀርባ ይዘው በአረንጓዴው መሐል ይታያሉ፤ ይህ ምስል በቱሪስት ማስታወቂያ ላይ ሲወጣ ቅጠሉ ያምራል። ዛሬም ካሜራው የሚያተኩረው ጭነቱ ላይ ነው።

ቦንጋ ላይ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ተገንብቷል። ስለ ቡና አመጣጥ፣ ስለ ጀበናና ስለ ቡና ሥርዓት የሚነገር ብዙ ነው፤ የሚገባም ነው። ከዚህ ጎን አንድ ግድግዳ ለተሸካሚዎቹ ቢሰጥ ግን የካፋ ቡና ታሪክ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። የቢበር ዘመን ፎቶግራፎች ቅጂ በትልቁ ታትሞ ይሰቀል፤ ከሥሩ መጫኛ፣ ስልቻና ቅርጫት ይቀመጥ፤ የፈረሱላ ሚዛኑም ይገተር፤ ሕፃናቱ 17 ኪሎ እንዲያነሡ ይፈቀድላቸው። መንገድ ከመግባቱ በፊት ከደካ፣ ከጌሻ ደጋና ከሌሎቹ የካፋ ወረዳዎች ቡናና ማር ያወረዱ፣ ወይም አባታቸው ሲያወርዱ ያዩ አዛውንት ድምፅ ይቀረጽ፤ የትኛው ወንዝ ላይ እንደሚያርፉ፣ ጫናውን ምን ብለው እንደሚያነሡ፣ ማን ጀርባውን እንደተጎዳ ይጠየቁ። ለእያንዳንዱ ፎቶግራፍም አዲስ መግለጫ ይጻፍለት፤ የሰዎቹ ስም የሚገባበት መስመር ተሰምሮ ይቀመጥ፤ «ይህ አያቴ ነው» የሚል ሰው ሲመጣ የሚሞላ።